«በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» 15ቱ በመቶ የማን ኪስ ይገባል?

ይቺን ጥያቄ ያልሰማ የከተማ ሰው የለም። ጫማ መሸጫ፣ የህንፃ መሳሪያ መደብር፣ ኤሌክትሮኒክስ ቤት፣ ጋራዥ፣ የትም ሂዱ አለች። ዋጋ ትጠይቃላችሁ፣ ሻጩ ከመመለሱ በፊት መልሶ ይጠይቃችኋል፦ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» በደረሰኝ ከሆነ 11,500፣ ያለ ደረሰኝ 10,000። ኑሮ እንዲህ በከበደበት ጊዜ 1,500 ብር ቀላል ገንዘብ አይደለም። አብዛኛው ሰው ብዙም ሳያንገራግር «ያለ ደረሰኝ» ይላል፣ ዕቃውን በፌስታል ይዞ ይወጣል።

ይሄን ሰው «ሀገር የማይወድ» ብሎ መስደብ ቀላል ነው። በየሚዲያው የሚሰማውም ይኸው ነው። ከባዱ ነገር 1,500 ብሯ በእርግጥ የማን እንደሆነች ማወቅ ነው። እሷን ተከትለን ብንሄድ ስለ ደሞዛችን፣ ስለ ዕቃ ዋጋና ስለ ቤት ኪራያችን ጭምር ብዙ ነገር ይገለጥልናል። ስለዚህ ትንሽ ስሌት አለና ታገሱን።

ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ሁላችንም እንደምንለው ቫት፣ ወደ ሀገራችን የገባው በ1995 ዓ.ም. የቀድሞውን የሽያጭ ታክስ ተክቶ ነው። በ2016 ዓ.ም. አዋጁ በአዲስ አዋጅ (ቁጥር 1341/2016) ተተክቷል፤ መጠኑ ግን ያው 15 በመቶ ነው። ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ቫት የነጋዴው ግብር አይደለም። ነጋዴው ለመንግሥት ሰብሳቢ ነው፣ ከፋዮቹ እኛ ነን። ነጋዴው የራሱ የትርፍ ግብር ሌላ አለው።

አሰራሩን በአንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ እንየው። አስመጪው ምድጃውን ለጅምላ ሻጩ በ6,000 ብር ሸጠ እንበል። 900 ብር ቫት ጨምሮ 6,900 ተቀበለ። ጅምላ ሻጩ ለቸርቻሪው በ8,000 ሸጠና 1,200 ቫት ጨመረ። ለመንግሥት የሚያስገባው ግን 1,200ውን ሙሉ አይደለም፤ ለአስመጪው የከፈለውን 900 በደረሰኝ አሳይቶ ይቀንስና 300 ያስገባል። ቸርቻሪው ደግሞ ለእናንተ በ10,000 ሸጦ 1,500 ቫት ይቀበላል፣ ለጅምላ ሻጩ የከፈለውን 1,200 ቀንሶ 300 ያስገባል። ደምሩት፦ 900፣ 300፣ 300፤ 1,500 ብር። ሦስቱም ነጋዴዎች ከኪሳቸው የወጣ አንድም ሳንቲም ቫት የለም። ሙሉው 1,500 ከመጨረሻው ሰው፣ ማለትም ምድጃውን ቤቱ ወስዶ ወጥ ከሚሰራበት ሰው ነው የወጣው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ቸርቻሪው «ያለ ደረሰኝ 10,000» ሲላችሁ 1,500ዋን ለእናንተ የተወላችሁ ይመስላል። ግን ሰውየው ምድጃውን በሕጋዊ ደረሰኝ 9,200 ከፍሎ አምጥቶት ከሆነ፣ በ10,000 ሲሸጥላችሁ ትርፉ ከ2,000 ወደ 800 ይወርዳል። እንዲህ አድርጎ የሚሸጥ ነጋዴ ብዙ አይቆይም። ስለዚህ ቅናሹን ያለምንም ጭንቀት ከሰጣችሁ እሱም ዕቃውን ያለ ደረሰኝ ነው የገዛው ማለት ነው። ያለ ደረሰኝ የሸጠለት ጅምላ ሻጭም እንደዚያው። ማለትም ሰንሰለቱ እናንተ ጋ ከመድረሱ በፊት ላይ ተበጥሷል። ከዚህ ጋር ደግሞ ሽያጩ የትም ስላልተመዘገበ የትርፍ ግብሩም አብሮ ጠፍቷል። እናንተ 1,500 አተረፋችሁ፣ ከጀርባችሁ ያሉት ግን ከዚያ በላይ አትርፈዋል።

ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ። ካፌ ገብታችሁ በላችሁ፣ ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ ቫትን ይጨምራል ተብሏል፣ አስተናጋጁ በእጅ የተጻፈ ቁራጭ ወረቀት ወይም ከማሽን የወጣች ግን «ይህ ደረሰኝ አይደለም» የምትል ብጣሽ ያመጣላችኋል። ትከፍላላችሁ፣ ትወጣላችሁ። እዚህ ጋ ቅናሽ የለም። ግብሩን ከፍላችኋል፣ መንግሥት ጋ ግን አልደረሰም። 575 ብር ከከፈላችሁ ውስጡ 75 ብር ቫት ነበር፤ ያቺ 75 ብር የባለቤቱ ትርፍ ሆነች። (ቫት ያለበትን ዋጋ ለመፈተሽ ጠቅላላውን በ115 አካፍሉና በ15 አባዙት። ብዙ ሰው 15 በመቶውን ከጠቅላላው ላይ ያሰላና ይሳሳታል።) በግሌ የምናደደው በዚህኛው ነው። ያለ ደረሰኝ በቅናሽ የገዛ ሰው ቢያንስ የመረጠው ነገር አለ፤ እዚህ ጋ ግን በጠራራ ፀሐይ የተዘረፈው ደንበኛው ነው፣ «ግብር አጭበርባሪ» የሚባለው ደግሞ በጅምላ «ህዝቡ» ነው።

በነገራችን ላይ ትላልቅ ሆቴሎች የሚጨምሩት 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ግብር አይደለም፣ የሆቴሉ ክፍያ ነው። ቫቱ የሚሰላው ደግሞ ሰርቪሱ ከተጨመረ በኋላ ነው። የ1,000 ብር ምግብ 1,100 ይሆንና በላዩ 15 በመቶ ሲጨመር 1,265 ይገባል። «ፕላስ ፕላስ» የሚሏት ይቺ ናት።

ሁሉም ነጋዴ ቫት አይሰበስብም። የመመዝገብ ግዴታው ዓመታዊ ሽያጩ 2 ሚሊዮን ብር ለደረሰ ነው። የሰፈር ሱቅ፣ ጉሊት፣ ትንሿ ፀጉር ቤት ከዚህ በታች ከሆኑ ቫት ሊጠይቋችሁ አይችሉም። ሳይመዘገብ «ቫት ጨምሬ ነው» የሚል ካጋጠማችሁ የጨመረው ለራሱ ነው። እንደ ዳቦ፣ ወተት፣ ህክምና፣ ትምህርትና የመኖሪያ ቤት ኪራይ ያሉት ደግሞ ከቫት ነፃ ናቸው። ነፃ ናቸው ማለት ግን ውስጣቸው ግብር የለም ማለት አይደለም። ዳቦ ቤቱ ለምድጃው፣ ለመለዋወጫው፣ ለማሸጊያው ቫት ይከፍላል፣ ዳቦው ነፃ ስለሆነ ግን የከፈለውን የሚያቀናንስበት መንገድ የለውም። የት ይሄዳል? ዳቦው ዋጋ ውስጥ።

መንግሥት ይሄ ሁሉ ቀዳዳ እያለበት ገንዘብ ይፈልጋል፣ በጣም ይፈልጋል። ሀገሪቱ የምትሰበስበው ግብር ከጠቅላላ የሀገር ውስጥ ምርት ጋር ሲነፃፀር ከ10 በመቶ በታች ወርዶ ቆይቷል። ይሄ ከብዙ የአፍሪካ ሀገሮች ጋር ሲወዳደር እንኳን ዝቅተኛ ነው። በታኅሣሥ 2016 ኢትዮጵያ የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንዷን የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ መክፈል አቅቷት ቀረች። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ፣ በዚያው ሳምንት ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ጋር የ3.4 ቢሊዮን ዶላር የአራት ዓመት የብድር ስምምነት ጸደቀ። በስምምነቱ ውስጥ አንዱ ትልቅ ጉዳይ «ግብር ጨምራችሁ ሰብስቡ» የሚል ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡት አዳዲስ የታክስ አዋጆች ሁሉ ከዚህ ጋር ተያይዘው መታየት አለባቸው።

ታዲያ ያልተሰበሰበው ከየት ይሞላል? በቀላሉ ከሚገኝ ሰው። ማሽን የሌለው፣ ሁለት መዝገብ የማይዝ፣ «ያለ ደረሰኝ ክፈሉኝ» የማይል ሰው ማን ነው? ደሞዝተኛ። ግብሩን ብሩን ሳያየው ቀጣሪው ቆርጦ ያስገባለታል።

የደሞዝ ግብር ማሻሻያው በሐምሌ 2017 መጥቷል። ከግብር ነፃ የሆነው ገቢ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። ከ2,001 እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20፣ እስከ 10,000 ያለው 25፣ እስከ 14,000 ያለው 30፣ ከዚያ በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፍላል። ብዙ ሰው «14,100 ከሆንኩ ደሞዜ ሁሉ 35 በመቶ ይቆረጣል» ብሎ ይፈራል። አይደለም። 35ቱ የሚነካው ከ14,000 በላይ ያለችውን 100 ብር ብቻ ነው። ጭማሪ ተሰጥቶት ኪሱ የሚገባው የሚቀንስበት ሰው የለም።

ያልተቀነሰ ደሞዛችሁ 12,000 ብር ከሆነ ስሌቱ ይሄን ይመስላል፦ 12,000 ሲባዛ በ30 በመቶ 3,600፣ ተቀናሽ 1,350፣ ግብሩ 2,250 ብር። የጡረታ 7 በመቶ 840 ብር። እጃችሁ የሚገባው 8,910። በድሮው ሰንጠረዥ ቢሆን ግብሩ 2,700 ይሆን ነበር። ስለዚህ 450 ብር ቀንሷል፣ ቀላል አይደለም። የሐምሌን የደሞዝ ወረቀታችሁን አውጥታችሁ ከሰኔው ጋር አስተያዩት፤ ሂሳብ ክፍሉ በአሮጌው ሰንጠረዥ እየሰራ ከሆነ ጠይቁ።

ግን «ግብር ተቀነሰ» የሚለው ወሬ ግማሹን ነው የሚናገረው። አሮጌው ሰንጠረዥ የወጣው በ2008 ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልተነካም። በ2008 በወር 4,000 ብር የሚያገኝ ሰው ግብሩ 497 ብር ከ50 ሳንቲም ነበር፤ ከመቶ 12 ብር ከምናምን። ከዚያ ወዲህ ዋጋ ሦስት እጥፍ ብቻ ነው የጨመረው እንበል (ገበያ የሚወጣ ሰው በዚህ ቁጥር ይስቃል)። ሰውየው ደሞዙ ሦስት እጥፍ ሆኖ 12,000 ቢደርስ የሚገዛው ጤፍና ሳሙና ያው የድሮው ነው፣ አልከበረም። አሮጌው ሰንጠረዥ ግን ከመቶ 22 ብር ከ50 ይቆርጥበት ነበር። አዲሱ ደግሞ ከመቶ 18 ብር ከ75። ማለትም ከተሻሻለ በኋላ እንኳን ያው ድሃ ሰው ከ2008ቱ የበለጠ ድርሻ ይከፍላል። ማንም ግብር ጨመርኩ ብሎ አላወጀም፤ የዋጋ ንረቱ በዝምታ ጨመረው።

በሌላ ዓይን ደግሞ እዩት። በ2008 የመጨረሻው 35 በመቶ የሚጀምረው ከ10,900 ብር በላይ ነበር፣ በጊዜው ምንዛሪ ወደ 500 ዶላር ገደማ። ዛሬ የሚጀምረው ከ14,000 በላይ ነው፤ ይሄ 100 ዶላር ገደማ ነው። ያኔ «ከፍተኛ ተከፋይ» ለሚባለው የተሰፋው ልብስ ዛሬ ለአንድ መካከለኛ ሠራተኛ ለበሰ።

ዕቃ ላይም ይሄው ነው። ከውጭ የሚገባ አንድ ዕቃ 35 በመቶ ቀረጥ የሚጣልበት፣ ኤክሳይዝ የማይነካው ነው እንበል። ዕቃው ወደብ ደርሶ 100 ብር ቢያወጣ፣ ቀረጡ 35 ሆኖ 135 ይሆናል። በዚያ ላይ ቫት 20 ብር ከ25፣ ድምሩ ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ 15 ብር ከ50 ገደማ፣ የማኅበራዊ ልማት ቀረጥ 3 ብር። 100 ብሩ ሳይሸጥ 173 ብር ከምናምን ሆነ። አስመጪው በቅድሚያ የሚከፍለውና በኋላ የሚታሰብለት ሌላም አለ፣ እሱን እንተወው። አሁን የዶላሩን አስቡት። ብር ከመለቀቁ በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፣ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የ10 ዶላር ዕቃ በ57 ሲታሰብ 570 ብር ነበር፣ ግብሩም 420 ገደማ። ለስሌት እንዲመቸን ዶላሩ በትክክል እጥፍ ሆኖ 114 ገባ ካልን፣ ያው ዕቃ 1,140፣ ግብሩ 841። የቀረጥ ታሪፉ አንድ ፊደል ሳይነካ በብር የምንከፍለው ግብር እጥፍ ሆነ። «ነጋዴው ነው ዋጋ የጨመረው» ስንል ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ ግን እዚህ ስሌት ውስጥ ነው ያለው።

ስለ ነጋዴው ካነሳን አይቀር የእሱንም ወገን እንስማ። መርካቶ ውስጥ ደረሰኝ የሚቆርጥ ነጋዴ በጎኑ የማይቆርጥ ጎረቤት ካለው ደንበኛው በአንድ ቀን ይሸሻል። ሕጋዊ ልሁን ብሎ ቢነሳ እንኳን አቅራቢው ደረሰኝ ካልሰጠው ሙሉው 15 በመቶ በእሱ ላይ ይወድቃል፣ የሚያቀናንሰው የለምና። በኅዳር 2017 መርካቶ ላይ የደረሰኝ ቁጥጥሩ ሲጠብቅ ሱቆች ተዘግተው የነበረው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው፦ ቁጥጥሩ የሚጀምረው ከቸርቻሪው ነው፣ ዕቃው ግን ያለ ደረሰኝ የሚወጣው ከላይ ካለው መጋዘን ነው። ቂሙም የቆየ ነው። ሐምሌ 2009 ላይ ለአነስተኛ ነጋዴዎች የተሰራው የቀን ገቢ ግምት በየከተማው ምን ያህል ቁጣ እንዳስነሳ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። አንዲት ቡና የምታፈላ ሴት በቀን ይሄን ያህል ትሸጣለሽ ተብላ በዓይን ግምት ግብር ሲጣልባት፣ ከዚያ በኋላ ስለ ግብር የሚነገራትን ሁሉ በዚያ መነጽር ነው የምትሰማው።

ግብር የሚለው ቃል ራሱ ሁለት ፊት አለው። ድሮ ንጉሡና መኳንንቱ ግብር ይሰበስባሉ፣ መልሰው ደግሞ «ግብር ያበላሉ»፤ ድንኳን ተጥሎ፣ ጠጅ ተጥሎ፣ ቁርጥ ይቀርባል። ፍትሃዊ ነበር ማለቴ አይደለም፣ ገበሬው አምጥቶ ወታደሩ ነው የሚበላው። ግን ቃሉ ውስጥ መስጠትና መቀበል አብረው ነበሩ። ዛሬ ውሃ በሳምንት አንዴ የምትመጣለት ሰው፣ ትራንስፎርመር ሲቃጠል ከሰፈር ብር የሚያዋጣ ሰው፣ ልጁን መንግሥት ትምህርት ቤት ማስገባት ፈርቶ የግል የሚከፍል ሰው «ግብሩ የት ሄደ?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ትክክል ነው። ያለ ደረሰኝ መግዛቱ ግን ጥያቄውን አይመልስለትም። ጥያቄውን የመጠየቅ ጉልበቱን ለመጋዘኑ ባለቤት ነው የሚያስተላልፈው።

እና የግል ኃላፊነት የሚባለው የት ይጀምራል? «ህዝባችን አይቆጥብም» የሚለውን ስብከት በግሌ አልቀበልም። የዋጋ ንረት በሚለካበት ቅርጫት ውስጥ ከግማሽ በላይ ድርሻ ያለው ምግብ ነው። ግማሹ ጤፍ፣ ዘይት፣ ሽንኩርትና በርበሬ ከሆነ ከየትኛው ላይ ነው የሚቆጠበው? ሌላም አለ። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ ሲያልፍ ዝቅተኛው የባንክ ቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነበር። 1,000 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 1,070 አገኘ፣ 1,000 ብር የነበረው ዕቃ 1,300 ሆኖ ጠበቀው። ሲሚንቶና ቆርቆሮ ገዝቶ ግቢ ውስጥ የከመረው ጎረቤቱ ከእሱ የተሻለ ሂሳብ ያውቅ ነበር። ቆጣቢን የቀጣ ዘመን ነው ያለፈው፤ ሰዉ ብር እንደያዘ ዕቃ ላይ ቢሮጥ አባካኝ ስለሆነ አይደለም።

ዕቁብም ከዚህ አያመልጥም። በየወሩ 3,000 የሚጣልበት የአሥራ ሁለት ሰው ዕቁብ 36,000 ነው። መጀመሪያ የደረሰው በዛሬ ዋጋ ይገዛበታል፣ መጨረሻ የደረሰው ያንኑ 36,000 ከዓመት በኋላ ይዞ ገበያ ይወጣል። ዋጋ በተረጋጋበት ጊዜ ልዩነቷ ኢምንት ነበረች፣ አሁን ግን የመጀመሪያው ፍሪጅ ገዝቶበት የመጨረሻው ግማሽ ፍሪጅ ይደርሰዋል ማለት ይቻላል (ትንሽ አጋነንኩ፣ ግን ብዙም አይደለም)። ዕቁብ አትግቡ አይደለም፤ ዕጣው ከመጣሉ በፊት የመጨረሻዎቹ ሦስትና አራት ሰዎች ትንሽ የሚካሱበት ስምምነት ብታደርጉ ጥሩ ነው።

እኛው በእኛው ላይ የምንጭነው ግን የለም አልልም። ደሞዙ 9,000 የማይሞላ ሰው ለልጁ አንደኛ ዓመት ልደት አዳራሽ ሲከራይ፣ ለሠርግ ተበድሮ ሁለት ዓመት ሲከፍል ሁላችንም እናውቃለን። ከዚህ ይልቅ በጸጥታ ቤት እየገባ ያለው በስልክ የሚገኘው ትንንሽ ብድር ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ ዋስ የለ፣ ቢሮ የለ፣ ሌሊት ልጅ ቢታመም በደቂቃ ይገኛል። ችግሩ ክፍያው «ወለድ» ተብሎ ሳይሆን «የአገልግሎት ክፍያ» ተብሎ በትንሽ ቁጥር ስለሚመጣ ነው። 1,000 ብር ለአንድ ወር ወስዳችሁ 60 ብር ከፈላችሁ እንበል። 60 ብር ምን አላት? ግን በየወሩ እየመለሳችሁ መልሳችሁ የምትወስዱ ከሆነ በዓመት 720 ብር ከፈላችሁ ማለት ነው፤ 72 በመቶ። ባንክ በዚህ ወለድ ቢያበድራችሁ ሰላማዊ ሰልፍ ትወጡ ነበር። ለአንድ ጊዜ ችግር መድኃኒት ነው። የወሩን ቀዳዳ በየወሩ የምትደፍኑበት ከሆነ ግን ከሚቀጥለው ደሞዝ ላይ በየጊዜው 60 ብር እየሸጣችሁ ነው።

ደረሰኝን በተመለከተ ሰው ምን ማድረግ ይችላል? ሁሉንም ነገር በደረሰኝ ግዙ ብንል ተግባራዊ አይሆንም፣ ለመናገር ያህል ብቻ ነው የሚሆነው። ግን የምትከፍሉት ዋጋ ቫትን ያካተተ ከሆነ፣ ካፌው፣ ሱፐርማርኬቱ፣ ሆቴሉ፣ ደረሰኙን ጠይቁ፤ ምንም የሚያስወጣችሁ ነገር የለም፣ ገንዘቡን አስቀድማችሁ ከፍላችኋል። የነጋዴው ቲን ቁጥርና የማሽኑ ቁጥር የሌለበት ወረቀት፣ ፕሮፎርማም ቢሆን፣ ደረሰኝ አይደለም። ዋጋው ከበድ ያለ፣ ሊበላሽ የሚችል ዕቃ፣ ስልክ፣ ፍሪጅ፣ ፓምፕ፣ ሶላር ከሆነ ደግሞ ቅናሹን ከዋስትናው ጋር መዝኑት። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ (ቁጥር 813/2006) ጉድለት ያለበትን ዕቃ የማስቀየር ወይም ገንዘብ የማስመለስ መብት ይሰጣችኋል፤ ከዚያ ሱቅ መግዛታችሁን የምታሳዩበት ወረቀት ከሌለ ግን ሻጩ «አላውቃችሁም» ካለ አለቀ። 1,500 ብር የቆጠበባችሁ ፓምፕ በሦስተኛው ቀን ከቆመ የቆጠባችሁት የለም።

ከሁሉም በላይ ዋጋ የሚያስከፍለን ያለ ደረሰኝ ስምምነት ግን ሱቅ ውስጥ አይደለም፣ ቤት ኪራይ ላይ ነው። አከራዩ የኪራይ ገቢ ግብር እንዳይበዛበት ብሎ «ውሉ ላይ 8,000 እንጻፍ፣ አንተ 20,000 ትከፍለኛለህ፣ ልዩነቱን በእጅ» ይላል። ተከራዩ ቤት ከማጣት ብሎ ይፈርማል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጁ (ቁጥር 1320/2016) ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም፣ ቅድመ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ኪራይም እንደፈለጉ እንዳይጨመር ይደነግጋል። እነዚህ ሁሉ ተከራዩን የሚጠብቁ ናቸው። ግን የሚጠብቁት በውሉ ላይ የተጻፈውን ነው። በእጅ የሚሰጠው 12,000 በሕግ ፊት የለም። አከራዩ በስድስተኛው ወር 15,000 አድርገው ቢል የምትከሱት በየትኛው ወረቀት ነው? ስድስት ወር ቀድማችሁ በእጅ የከፈላችሁትንስ በምን ታስመልሳላችሁ?

በዚህ ወር አዲስ ውል የምትፈርሙ ካላችሁ ሁለት ነገር ሞክሩ። አንደኛ፣ ሙሉው ኪራይ ውሉ ላይ እንዲጻፍ ጠይቁ፤ አከራዩ ለግብሩ ብሎ ትንሽ ጨምር ካላችሁ፣ ጭማሪዋን ያለ ወረቀት ከምትከፍሉት ገንዘብ ጋር አወዳድሯት። ሁለተኛ፣ አከራዩ እምቢ ካለና ሌላ ቤት ከሌላችሁ፣ ቢያንስ ገንዘቡን በሙሉ በባንክ አስተላልፉ፣ የምክንያት ቦታው ላይ «የቤት ኪራይ» ብላችሁ ወሩን ጻፉ፣ የዝውውሩን ማረጋገጫ አስቀምጡ።

በኪራይ ውል ላይ የገጠማችሁ ካለ በኮሜንት ጻፉልን፤ የአከራይም የተከራይም ስም ሳትጠቅሱ።